ከትምህርት ቤቱ አጥር ማዶ ያለው መስክ፦ ስለ ተማሪዎች የሜዳና የማሳ ጥናት

ክቡራን መምህራንና ወላጆች፣ የተከበራችሁ የአካባቢው ሽማግሌዎች፣ ውድ ተማሪዎች፤

ዛሬ እንድናገር የተጋበዝሁት በሳይንስና በአካባቢ ጥበቃ ክበባት የሚሳተፉ ተማሪዎች በትምህርት ቤታቸው ዙሪያ በሚገኘው መስክ፣ ጨፌና የእርሻ ማሳ ላይ ሊያካሂዱት ስለሚችሉት ጥናት ነው። ባዮሎጂ ሳስተምር የኖርሁ ሰው እንደመሆኔ ጉዳዩ በእጅጉ ያሳስበኛል። የክበቦቻችን ሥራ በአብዛኛው ወደ ችግኝ ተከላ ያዘነበለ በመሆኑ፣ ሣር ለብሶ የተኛ መሬት ሲታይ ገና ያልተሠራበት፣ ዛፍ የሚጠብቅ ቦታ ተደርጎ ይቆጠራል። ዛፍ መትከል መልካም ነገር ነው፤ ነገር ግን ውኃ በሚቋጥር ጨፌ ላይ ባሕር ዛፍ መደርደር በቦታው የነበረውን ሕይወት አጥፍቶ ከእርሱ ያነሰ ነገር መተካት ነው። ተማሪዎች ጉድጓድ ከመቆፈራቸው በፊት በዚያ ቦታ ላይ ምን ምን እንደሚኖር ቢቆጥሩና ቢመዘግቡ፣ ምን የት መተከል እንዳለበት የሚወስነውም አካል የተሻለ ውሳኔ ይወስን ነበር ብዬ አምናለሁ።

ከሁሉ አስቀድሜ ለማስረዳት የምፈልገው፣ የደጋችን መስክ ዛሬ የያዘውን መልክ የያዘው በዝናቡና በአፈሩ ብቻ እንዳልሆነ ነው። ከብቱ መቼ ገባበት፣ ድርቆሹ መቼ ታጨደ፣ ማን ከለከለ፣ ማን ፈቀደ የሚሉት ነገሮች በሣሩ ዓይነት፣ በአበባውና በወፎቹ ላይ ሁሉ ይታያሉ። ስለዚህ ሰውንና ከብቱን ትቶ ሣሩን ብቻ የሚቆጥር የተማሪ ጥናት፣ ምን እንዳለ ቢነግረንም ለምን እንደኖረ ሊነግረን አይችልም።

ለዚህ የጓሳን ያህል ጉልህ ምሳሌ አላውቅም። ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምሥራቅ 260 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በመንዝ የሚገኘው ይህ መስክ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ስፋት ሲኖረው፣ አብዛኛው ክፍሉ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይገኛል። ስሙን የሰጠው የጓሳ ሣር ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ እረኛ በዝናብ ጊዜ የሚደርበው ገሳም ይሠራበታል። በዚሁ መስክ ላይ ቀይ ቀበሮ አይጥና ፍልፈል እያደነ ይኖራል፤ ጭላዳም በመንጋ ሆኖ ሣር ይግጣል። ይህ ሁሉ እስከ ዛሬ የተረፈው ቦታው ሰው ያልደረሰበት ስለሆነ አይደለም። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንደነበረ በሚነገርለት የቄሮ ሥርዓት መሠረት፣ አስቦና ጌራ የተባሉት አቅኚ አባቶች ተወላጆች መስኩን በጋራ ይጠብቁት ነበር። ለተከታታይ ዓመታት ዘግተው ያቆዩትና በጋው ጠንክሮ ከብቱ መኖ ሲያጣ፣ ሰውም ለክዳን ሣር ሲቸገር፣ በስምምነት ይከፍቱት ነበር። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ሥርዓቱ የቆመበትን የመሬት ይዞታ ሲለውጠው ቄሮ ፈረሰ፤ መስኩም ለጉዳት ተጋለጠ። ኋላ ግን የአካባቢው ሕዝብ በኮሚቴ ተደራጅቶ ጥበቃውን እንደገና አቋቋመ። እንግዲህ አንድ ተማሪ በጓሳ የሣሩን ቁመት ቢለካና ከአባቶቹ ስለ ክልከላው ባይጠይቅ፣ ልኬቱ ትክክል ቢሆንም እንኳ ትርጉሙ ያመልጠዋል።

ሁለተኛው ምሳሌ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ በአዲስ ዓለም አቅራቢያ ያለው የበርጋ ጨፌ ነው። በሳይንሳዊ አጠራር ሳሮትሩራ አይረሲ የምትባለው፣ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያላት፣ ክንፏ ላይ ነጭ ያለባት ወፍ በዚህ ጨፌ ውስጥ በክረምት እንቁላሏን ትጥላለች። በ2013 እ.ኤ.አ. ከዓለም ላይ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ወፎች መደብ ውስጥ የገባች ስትሆን፣ በ2018 እ.ኤ.አ. ገደማ በደቡብ አፍሪካ ስትራባ እስከተገኘችበት ጊዜ ድረስ መራቢያዋ በእርግጠኝነት የሚታወቀው በአገራችን ነበር። ወፏ ጎጆዋን የምትሠራው ሐምሌና ነሐሴ ላይ፣ ውኃ በተኛበት ረጅም ሣርና ቄጠማ መካከል በመሆኑ፣ ከብቱ በዚያ ጊዜ ወደ ጨፌው ከገባ ሣሩ ይረገጣል፣ ጎጆውም ይጠፋል። ከብቱ ጥቂት ሳምንታት ዘግይቶ ከገባ ግን ጫጩቶቹ ያድጋሉ፤ ባለከብቱም ያደገ ሣር ያገኛል። በ1966 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ከበርጋ ነዋሪዎች ጋር ሲሠራ የቆየው በዚህ መግባባት ላይ ተመሥርቶ ነው። አንዲት ወፍ የምትድነው ወይም የምትጠፋው ከብት ወደ መስክ በሚገባበት ቀን መሆኑን ያየ ተማሪ፣ መኖሪያ ማለት ቦታ ብቻ ሳይሆን ጊዜም ጭምር መሆኑን ይረዳል።

እዚህ ላይ መምህራን ባልደረቦቼ በጥሞና እንዲያስቡበት የምለምናቸው አንድ ችግር አለ። ትምህርት ቤቶቻችን በመስከረም ተከፍተው በሰኔ ይዘጋሉ። መስኩ የሚያድግበት፣ እንቁራሪት የሚፈለፈልበት፣ ወፎች ጎጆ የሚሠሩበት፣ ሣሩ የሚያብብበት ጊዜ ደግሞ በአብዛኛው ሐምሌና ነሐሴ ነው። በመማሪያ መጽሐፍ ላይ ስለ መኖሪያ የምናስተምረው መሬቱ ደርቆ ሲሰነጣጠቅ በጥርና በየካቲት ሲሆን፣ ተማሪዎቻችን ግን በክረምት መጽሐፉን አስቀምጠው ከብት ይጠብቃሉ። ማለትም መስኩን በየቀኑ የሚያዩት የመማሪያ ክፍሉ በተዘጋበት ወቅት ነው። መፍትሔው ቀላል ይመስለኛል። በሰኔ መጨረሻ ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ደብተር ሰጥተን፣ በሳምንት አንድ ቀን፣ በዚያው ቦታ፣ ያየውን እንዲጽፍ መስማማት ነው። ውኃው እስከ የት ደረሰ፣ የትኛው አበባ ዛሬ ፈነዳ፣ ከብቱ የት ዋለ፣ የትኛውን ሣር መርጦ በላ፣ የትኛውን አልፎ ሄደ። እረኛ የሆነ ልጅ እነዚህን ጥያቄዎች ለመመለስ ከየትኛውም እንግዳ ተመራማሪ የተሻለ ቦታ ላይ ነው ያለው፤ በክፍል ውስጥ ዝምተኛ የነበረ ተማሪ በመስክ ላይ መሪ ሲሆን ማየትም ለመምህር ትልቅ ደስታ ነው።

ወደ አለካኩ ልሻገር። ብዙ ወጪ የሚጠይቅ መሣሪያ አያስፈልግም። አራት ካስማና አራት ሜትር ገመድ ቢኖር፣ በየጎኑ አንድ ሜትር የሆነ የናሙና ካሬ ይሠራል። በካሬው ውስጥ ያሉት የሣርና የቅጠል ዓይነቶች ስንት ናቸው፣ እያንዳንዱስ የመሬቱን ምን ያህል ሸፍኗል፣ ምን ያህሉ ራቁቱን የቀረ አፈር ነው የሚለው ይመዘገባል። ዋናው ጥንቃቄ ካሬው የሚያርፍበትን ቦታ ዓይናችን እንዳይመርጠው ማድረግ ነው፤ ልጆች አበባ ወዳለበት ያደላሉ። ስለዚህ ወደ ፊት ስንት እርምጃ፣ ወደ ቀኝ ስንት እርምጃ መሄድ እንዳለባቸው ቁጥር በወረቀት ጽፈው ዕጣ ያውጡ። ከወንዙ ዳር ተነሥቶ ወደ ማሳው የሚወጣ ረጅም ገመድ ዘርግቶ በየአምስት ሜትሩ መመዝገብ ደግሞ ሌላ ነገር ያሳያል። ከታች ቄጠማና ግጫ፣ ከፍ ሲል ማገጥና ሰርዶ፣ ከዚያም በላይ ማሳው ሲመጣ፣ ተማሪው እርጥበት ዕፅዋትን እንዴት በየደረጃው እንደሚያስቀምጣቸው በእግሩ እየተራመደ ያነበዋል። ስለ ማገጥ ካነሣሁ አይቀር፣ ይህ ባለ ሦስት ቅጠል ተክል ሲነቀል ሥሩ ላይ የሚታዩት ጥቃቅን እብጠቶች ናይትሮጅንን ከአየር ወስደው ለአፈር የሚሰጡ ባክቴሪያዎች ማደሪያ ናቸው። አገራችን ከ25 በላይ የማገጥ ዝርያዎች ያሏት ሲሆን፣ አንዳንዶቹ ከኢትዮጵያ ውጭ አይገኙም። አንድ ማገጥ ነቅሎ እብጠቱን ማሳየት ስለ ናይትሮጅን ዑደት ከሚሳል ሥዕል ሁሉ ይበልጣል።

በተከለለ መስክና ልቅ ግጦሽ ባለበት መስክ መካከል የሚደረገው ንጽጽር ተማሪዎች በብዛት የሚመርጡት ነው፤ ተገቢም ነው፤ ግን ችኩል ድምዳሜ ያስከትላል። ብዙ ጊዜ የሚከለለው ቦታ ከመጀመሪያውም የተሻለ እርጥበት ያለው፣ ወይም ለቤተ ክርስቲያንና ለመንደር ቅርብ የሆነ ነው። እንዲህ ከሆነ ልዩነቱ ከአጥሩ የመጣ ይሁን ከመሬቱ አይታወቅም። ስለዚህ አንድ አጥር በቂ አይደለም፤ በተለያየ ቦታ ያሉ ክልሎችን፣ እያንዳንዱንም በቅርቡ ካለውና አፈሩ ከሚመሳሰለው ልቅ መስክ ጋር ማነጻጸር ያስፈልጋል። ይህን ጥንቃቄ የተማረ ልጅ ሐኪምም ሆነ መሐንዲስ፣ ገበሬም ሆነ ዳኛ ቢሆን ይጠቅመዋል።

የአፈሩን ጠባይ ለመረዳት ደግሞ ታችና ላይዋ የተከፈተ የዱቄት ወተት ጣሳ ትበቃለች። ጣሳዋን ጥቂት ወደ መሬት አስገብቶ፣ ግማሽ ሊትር ውኃ አፍስሶ፣ ውኃው ሰርጎ እስኪያልቅ ያለውን ጊዜ በሰዓት መያዝ ነው። በሣር በተሸፈነው ቦታ፣ ከብት ዘወትር በሚረግጠው መንገድና በታረሰው ማሳ ላይ ይህን ደጋግሞ መለካት፣ ጎርፍ ከየት እንደሚጀምር ለተማሪው ብቻ ሳይሆን ለመላው ቀበሌ ያሳያል። በደጋው ዋልካ አፈር ላይ ይህ ልኬት በበጋና በክረምት ፍጹም የተለያየ ውጤት እንደሚሰጥም ማወቅ ያሻል። በበጋ ውኃው በስንጥቁ ይገባል፤ በክረምት ግን አፈሩ አብጦ ስለሚዘጋ ከላይ ይተኛል። እንግዲህ ልኬቱ የተወሰደበት ቀን ካልተጻፈ ቁጥሩ ለማንም አይጠቅምም።

እበትንም አንርሳ። በመስክ ላይ የወደቀ እበት ጢንዚዛዎች ሲያፈርሱት ወደ አፈር ይመለሳል፤ ተለቅሞ ኩበት ከሆነ ግን ምድጃ ውስጥ ይቃጠላል። ማገዶ የሌላት እናት ኩበት ብትለቅም ልንወቅሳት አይገባም። ተማሪዎች ግን ጥቂት እበቶችን ምልክት አድርገው በየሳምንቱ ቢያዩአቸውና የሚገኙባቸውን ነፍሳት ቢመዘግቡ፣ መስኩ ምን እንደሚያገኝና ምን እንደሚያጣ በቁጥር ሊናገሩ ይችላሉ።

አሁን እጅግ ወደምወደው የጥናት ዓይነት ልምጣ። በእያንዳንዱ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ስፌት፣ በመሶብም በሞሰብም በሰፌድም መልክ፣ ከመስክ የመጣ ነው። ስንደዶና አክርማ ከሜዳ ተለቅመው፣ ደርቀው፣ ተሰንጥቀው፣ የሚቀለመውም ተቀልሞ አለላ ሆኖ ነው መሶቡ የሚሰፋው። ክዳን ሣሩ ሰንበሌጥ ወይም ጓሳ ነው፤ ለቡና የሚጎዘጎዘው ቄጠማ ከጨፌ ይታጨዳል፤ በጎጃም ልጃገረዶች በዘመን መለወጫ ዋዜማ ወደ መስክ ወርደው እንግጫ ይነቅላሉ። የእነዚህ ሣሮች እውቀት በአብዛኛው በሴቶች እጅ ነው። ስለዚህ ተማሪዎቹ፣ በተለይም ሴት ተማሪዎች፣ ወደ እናቶቻቸውና ወደ አያቶቻቸው ሄደው እንዲህ ብለው ይጠይቁ፦ «እማማ፣ እርስዎ ልጅ ሳሉ ስንደዶ የሚለቅሙት ከየት ነበር? ዛሬስ ከየት ይመጣል? በየትኛው ወር ነው የሚለቀመው? ቀድሞ ቢለቀም ምን ይሆናል?» መልሱን በወረቀት ላይ ብቻ አይተዉት፤ አያቲቱ የጠቀሷቸውን ቦታዎች በመንደሩ ንድፍ ካርታ ላይ ያስቀምጡ፤ ከዚያ ወደየቦታው ሄደው ሣሩ አሁንም እንዳለ ወይም ቦታው ማሳ፣ ባሕር ዛፍ ወይም ቤት ሆኖ እንደሆነ ያረጋግጡ። በዚህ መንገድ ከዕድሜ ባለጸጎች ትዝታ ተነሥቶ የመስክን ታሪክ የሚያሳይ ካርታ ይሠራል፤ እንዲህ ያለ ካርታ ደግሞ በየትኛውም መሥሪያ ቤት መዝገብ ውስጥ ተቀምጦ አናገኘውም።

በዚህ ጥናት ውስጥ አንድ አስተማሪ ውስብስብነት አለ። አክርማ ጠንካራ ሣር በመሆኑ ከብት ብዙም አይደፍረውም፤ ስለዚህ ሌላው ሣር በግጦሽ ብዛት ሲመናመን እርሱ ሊስፋፋ ይችላል። ስፌት ለምትሰፋዋ ሴት ሲሳይ የሆነው ለባለከብቱ የመስኩ መጎዳት ምልክት ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ተማሪው ይህን ሲረዳ «ጤናማ መስክ» የሚለውን ቃል ከመጻፉ በፊት ለማን፣ ለምን ጥቅም ብሎ መጠየቅ ይጀምራል፤ እኔ በበኩሌ አንድ የክበብ ሥራ ይህን ጥያቄ ብቻ ቢያስነሣ በቂ ፍሬ አፍርቷል እላለሁ።

ማሳውም መኖሪያ ነው። በእርሻ ወሰኑ ላይ ያልታረሰችው ጠባብ ሣር፣ የእርከኑ ጫፍ፣ ጦም ያደረው መሬት፣ ሁሉም የየራሳቸው ነዋሪ አላቸው። በመስከረም ቢጫ ሆኖ የሚታየው ሁሉ አደይ አበባ አይደለም፤ የኑግ ዘመድ የሆነው መጭም በዚያው ወቅት ያብባል። የአደይ ቅጠል የተበጣጠሰ፣ የመጭ ቅጠል ግን ያልተከፋፈለ በመሆኑ ተማሪዎች ሁለቱን በቅጠላቸው መለየት ይችላሉ፤ ከዚያም ንብ የትኛው ላይ፣ በቀኑ በየትኛው ሰዓት እንደምታርፍ ቆጥረው ቀፎ ላለው ገበሬ የሚጠቅም መረጃ ያገኛሉ። በገብስ ማሳ ውስጥ የሚበቅለው ሲናርም እንዲሁ ሊታይ ይገባዋል፤ ገበሬው ከገብሱ ጋር አብሮ የሚተወው ለምን እንደሆነ ራሱን ገበሬውን መጠየቅ ነው። አንድ የጤና ጥንቃቄ ልጨምር፦ ቅንጬ አረም ቆዳን የሚያሳክክና አንዳንድ ሰው ላይ የመተንፈስ ችግር የሚያስከትል በመሆኑ፣ በቆላና በወይና ደጋ ያሉ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎቻቸው በባዶ እጅ እንዳይነኩት ያድርጉ፤ ያለበትን ቦታ መዝግቦ ለግብርና ባለሙያው ማሳወቅ በቂ ነው።

ከተማ ውስጥ ላላችሁ መምህራን፣ ሜዳ የለንም የሚለውን ምክንያት አልቀበልም። ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ያለችው የሰርዶ ጥብጣብ ፌንጣ፣ ሸረሪትና ጉንዳን አላት፤ በአዲስ አበባ ያላችሁ ደግሞ የጉለሌ የዕፅዋት ማዕከልን ልትጎበኙ ትችላላችሁ። የማይታወቅ ዕፅ ሲያጋጥም ከአበባውና ከፍሬው ጋር በጋዜጣ መካከል አስገብቶ ማድረቅ፣ የተገኘበትን ቦታ፣ ቀንና የአካባቢውን ስም ጽፎ ማስቀመጥ፣ ከዚያም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ወደሚገኘው ብሔራዊ ሄርባሪየም ለማስለየት መሞከር ይቻላል። የአካባቢው ስም አይናቅ፤ በአንድ ወረዳ ውስጥ እንኳ አንድ ሣር ሁለትና ሦስት ስም ሊኖረው ስለሚችል፣ ሁሉም ስሞች ከነተናጋሪው ዕድሜና ቀበሌ ይጻፉ።

በመጨረሻ ስለ ውጤቱ አያያዝ እናገራለሁ። ብዙ የተማሪ ሥራ በወላጆች ቀን ግድግዳ ላይ ተለጥፎ በሳምንቱ ይቀደዳል። ይህ ለልጆቹ ልፋት የሚገባ አይደለም። እኔ የማቀርበው ሐሳብ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት አንድ የመስክ መዝገብ እንዲኖረው፣ መዝገቡም ከተመራቂ ተማሪዎች ወደ ተተኪዎቹ እየተላለፈ በየዓመቱ በዚያው ቦታና በዚያው ሳምንት እንዲሞላ ነው። የአደይ የመጀመሪያ አበባ የታየበት ቀን ለአንድ ዓመት ብቻ ሲጻፍ ወሬ ነው፤ ለዐሥር ዓመት ሲጻፍ ግን የዝናቡን ጠባይ የሚናገር ማስረጃ ይሆናል። የተገኘውም ውጤት መጀመሪያ መቅረብ ያለበት እውቀታቸውን ላካፈሉት ሽማግሌዎችና እናቶች ነው፤ እነርሱ ያረሙት ጽሑፍ ከዚያ በኋላ ለቀበሌውና ለግብርና ጽሕፈት ቤቱ ይሰጥ። የወል ግጦሽ መሬት ለሌላ አገልግሎት ይሰጥ ወይም አይሰጥ የሚል ስብሰባ ሲጠራም፣ ተማሪዎቹ መዝገባቸውን ይዘው ተገኝተው፣ በዚያ መስክ ላይ ስንት የሣር ዓይነት እንዳለ፣ የትኞቹ ወፎች እንደሚራቡበት፣ የስንት ቤተሰብ ከብት እንደሚሰማራበትና ውኃው በክረምት የት እንደሚተኛ እንዲያነቡ ዕድል እንዲሰጣቸው እዚህ የተገኛችሁትን የቀበሌ ተወካዮች በአክብሮት እጠይቃለሁ።